ወፊቱ አዲስ አበባን አታውቃትም

ጥያቄ፦ አጎቴ ፓሪስ ካለ የአሮጌ ዕቃ ገበያ የኪስ የፀሐይ ሰዓት ገዝቶልኝ መጣ። ነሐስ ነች፣ ስምንት ማዕዘን፣ መዳፍ እንኳ አትሞላም። ኮምፓስና ትንሽ ወፍ አላት፤ «ቡተርፊልድ፣ ፓሪስ» የሚል ተቀርጾባታል። በረንዳ ላይ ብሞክራት ከስልኬ ጋር ጨርሶ አትገናኝም። ተበላሽታ ነው ወይስ አጎቴ ተሸውዶ? እናቴ ደግሞ በሎሚና በአመድ ካልፈተግኳት እያለች ነው። ከአዲስ አበባ

መልስ፦ በመጀመሪያ እናትህን አስቁምልኝ! ሎሚና አመድ እነዚያን ቀጫጭን መስመሮች ይበላቸዋል፣ የዕቃዋ ዋጋ ደግሞ እነሱ ናቸው። ደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃታል።

አልተበላሸችም። ወፊቱ ጌጥ ትመስላለች እንጂ ሥራ አላት። ጥላ የምትጥለው ስስ ሳህን ከፍና ዝቅ ስትል ወፊቱ ያለህበትን ኬክሮስ በምንቃሯ ትጠቁማለች፤ ሳህኗ በዚያው ልክ ካልቆመች ጠርዟ ከምድር ዛቢያ ጋር ትይዩ አይሆንም፣ ሰዓቱም ይዛባል። የእነዚህ ሰዓቶች ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 60 ነው፣ ማለትም ከማድሪድ እስከ ስቶክሆልም። አዲስ አበባ 9 ላይ ነች! ለዚህ ነው ቀትር ላይ ደህና ሆና ጠዋትና ከሰዓት የምትቀባጥረው።

መላ አለው። ፊቷ ላይ ካሉት የሰዓት ቁጥር መደዳዎች አንዱን ምረጥ፣ የተሠራበት ኬክሮስ ተጽፎበታል። 43 ከሆነ ወፊቱን 43 ላይ አድርግ። ጠረጴዛ ላይ አስተኝተህ በኮምፓሷ ሰሜንን ያዝ፣ ከዚያ አቅጣጫዋን ሳታዛባ በደቡብ በኩል ያለውን ጎን 34 ዲግሪ ያህል ከፍ አድርገህ መጽሐፍ አስደግፍላት። 43 ሲቀነስ 34፣ 9። (12 የሚለው የእኛ 6 ሰዓት መሆኑን አትርሳ።)

እንዲያም ሆኖ ከስልክህ ትዘገያለች። ስልክህ የሚሄደው በ45 ዲግሪ ኬንትሮስ ሰዓት ነው፣ አንተ ግን 39 ግድም ላይ ነህ፤ ይኼ ብቻ 25 ደቂቃ ያህል ነው። የፀሐይ የራሷ ዓመታዊ መዋዠቅ ሲጨመርበት መዘግየቱ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ወደ 9 ደቂቃ ይወርዳል፣ የካቲት መጀመሪያ ላይ ወደ 39 ይወጣል።

አጎትህ ተሸውዶ እንደሆነስ? ቡተርፊልድ ፓሪስ ውስጥ ይሠራ የነበረ እንግሊዛዊ ነው፣ በ1724 እ.ኤ.አ. ሞተ። ሌሎች የፓሪስ አንጥረኞችም ይህንኑ ቅርጽ ስለሠሩና በኋላም ብዙ ቅጂ ስለወጣ ስሙ ብቻ ማስረጃ አይሆንም። በማጉያ መነጽር እየው። በእጅ የተቀረጸ መስመር ጠርዙ ስለታም ነው፣ አልፎ አልፎም የመሣሪያው ጫፍ አምልጦ የጫረው ይታያል። በቅርጽ የፈሰሰ ቅጂ ግን ጠርዙ ዱልዱም ነው።

እኔ ከሁሉ በፊት የማየው ግን ኮምፓሷን ነው። ፓሪስ ላይ የኮምፓስ መርፌ በ1660ዎቹ እ.ኤ.አ. ቀጥ ብሎ ሰሜንን ያሳይ ነበር። ከዚያ ወደ ምዕራብ እያዘነበለ ሄዶ በ1800ዎቹ መጀመሪያ 22 ዲግሪ ገደማ ደረሰ። ስለዚህ ከመርፌው ሥር ያን ዝንባሌ የሚያመለክት፣ ከሰሜን ወደ ጎን ያዘመመ መስመር ካየህ ከላይ ቀጥ አድርገህ ፎቶ አንሳና ላክልኝ፤ በማዘንበሉ ዕድሜዋን እንገምታለን።