ሰርቨሩ ሲነሳ አፑ ለምን አብሮ አይነሳም?

ወንድሜ፣ «ኖድ አፔን በፒኤም2 አስነስቼው ለሳምንታት ሠራ፤ መብራት ሄዶ ሰርቨሩ ሲመለስ ግን የፒኤም2 የአፕ ሊስት ባዶ ሆነብኝ» ብለሃል። (ለአዲስ ሰው፦ ኖድ ጃቫስክሪፕትን ሰርቨር ላይ የሚያስኬድ ፕሮግራም ነው፤ ፒኤም2 ደግሞ እንዲህ ያሉ አፖችን አስነስቶ እየሠሩ እንዲቆዩ የሚጠብቅ።) እኔም ስላለፍኩበት ዘርዘር አድርጌ ልመልስልህ።

አፕህ አልተበላሸም። «ስታርት» ስትለው ፒኤም2 አፑን የሚይዘው ሜሞሪ ላይ ነው። ማሽኑ ሲጠፋ ፒኤም2 ራሱም ይጠፋል፤ ዝርዝሩም አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ አፑ በራሱ እንዲነሳ ምዝገባው ሁለት ነው፤ አፑን ፒኤም2 ላይ፣ ፒኤም2ን ደግሞ ሊኑክሱ (የሰርቨሩ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ላይ። ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን ሠርተን እንተኛለን።

አፑን በምታስነሳበት ዩዘር ሆነህ «ፒኤም2 ስታርታፕ» በል። እዚህ ጋ ተጠንቀቅ፤ ትእዛዙ ብቻውን ሥራውን አይጨርስም። በሱዶ (ትእዛዝን በአስተዳዳሪ ሥልጣን በሚያስኬደው ቃል) የሚጀምር ረጅም መስመር ያወጣልሃል። ያንን ኮፒ አድርገህ መልሰህ ካላስኬድከው ምንም አልተመዘገበም። ከዚያ አፖችህ ሁሉ እየሠሩ እያለ «ፒኤም2 ሴቭ» በል። ዝርዝሩ ያኔ ፋይል ላይ ይቀመጣል። አፕ በጨመርክ ወይም ባጠፋህ ቁጥር ሴቭ ድገም።

እኔን ያቃጠለኝ የዩዘር ነገር ነው። የአንድ ክሊኒክ የቀጠሮ ሲስተም ነበር። ሌሊት መብራት ሄዶ ነበርና ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ደወለችልኝ። «ገጹ አልከፈት አለኝ» አለች። ከጀርባዋ የታካሚዎች ጫጫታ ይሰማል። ቀጠሮ በወረቀት እየጻፉ ነበር። ገብቼ ሊስቱን ሳይ ባዶ ነው። ለካ አፑን ያስነሳሁትም ሴቭ ያደረግኩትም በራሴ ዩዘር ሆኖ፣ «ፒኤም2 ስታርታፕ» የሚለውን ራሱን ያስገባሁት በሱዶ፣ ማለትም በዋናው አስተዳዳሪ ዩዘር በሩት ስም ኖሯል። ሩት የራሱ ፒኤም2 አለው፣ የእኔ ዩዘርም የራሱ፤ ሁለቱ አይተዋወቁም። ማሽኑ ሲነሳ የሩቱ ፒኤም2 ባዶውን ተነሳ፣ የእኔን ግን የቀሰቀሰው የለም። ሴቭ ያደረግኩት ፋይል ስለነበረ «ፒኤም2 ሪሰሬክት» ስል አፑ ተመለሰ። እስከዚያ ግን ሰዉ ተጉላልቷል፤ ዛሬም ሳስበው ይከነክነኛል።

ኖድን በኤንቪኤም (የኖድ ቨርዥን መቀያየሪያ) የምትጠቀም ከሆነ ደግሞ ቨርዥን ስትቀይር የድሮውን ምዝገባ በ«አንስታርታፕ» አጥፍተህ እንደገና መዝግብ። የተመዘገበው የአሮጌው ኖድ መንገድ ነውና።

ሁሉን ስትጨርስ መብራት እስኪሄድ አትጠብቅ። ተጠቃሚ በሌለበት ሰዓት ራስህ ሪቡት አድርገውና ምንም ሳትነካ ሊስቱን እይ። ካልተነሳ የሲስተምዲውን (ሊኑክስ ሲነሳ ፕሮግራሞችን የሚያስነሳውን) ስታተስ እዚሁ ለጥፍልን፣ አብረን እናየዋለን።