የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ፕሮጀክተር ወደ ክፍል ሲገባ

ጥያቄ፦ በጅማ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ዘንድሮ ፕሮጀክተርና ላፕቶፕ ተሰጠን። ሁለቴ ሞከርኩት። በመጀመሪያው ቀን ከኋላ የተቀመጡት ልጆች «ቲቸር፣ አይታይም» አሉኝ። በሁለተኛው ቀን መብራት ጠፋ፤ ከተመለሰም በኋላ ፕሮጀክተሩ አልነሳ ብሎ ክፍለ ጊዜው አለቀ። ክፍሉ 60 ተማሪ ይይዛል፤ የመጨረሻው ረድፍ ከሰሌዳው 9 ሜትር ይርቃል። ከየት ልጀምር?
መምህርት፣ ከጅሬን

መልስ፦ መምህርት፣ ከሜትር ይጀምሩ። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ጽሑፍ እንዲያነብ የምስሉ ቁመት ከመጨረሻው ረድፍ ርቀት ቢያንስ አንድ ስድስተኛ ሊሆን ይገባል። 9 ሜትር ለ6 ሲካፈል 1.5 ሜትር ይመጣል። ምስሉ 4 ለ 3 ከሆነ ወርዱ 2 ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ፕሮጀክተሩ ከግድግዳው የሚርቅበትን መጠን የሚወስነው በመመሪያው ላይ የተጻፈው ምጣኔ (ርቀቱ ለምስሉ ወርድ ሲካፈል የሚመጣው ቁጥር) ነው፤ በትምህርት ቤት የሚገኙት ብዙዎቹ 1.5 አካባቢ ናቸው። 2 ሜትሩን በ1.5 ሲያባዙት 3 ሜትር ይሆናል። ጠረጴዛውን እዚያ ላይ ያቁሙና እግሮቹ ያረፉበትን ቦታ ወለሉ ላይ በቀለም ምልክት ያድርጉ፤ ሁለተኛ መለካት አይኖርብዎትም። የምስሉ የታች ጠርዝ ከወለሉ 1.2 ሜትር ያህል ከፍ ካላለ የፊተኞቹ ልጆች ጭንቅላት ይጋርደዋል።

ምስሉን ከፍ ለማድረግ ፕሮጀክተሩን ቀና ሲያደርጉት ከላይ ይሰፋል፣ ከታች ይጠባል። ኪስቶን የሚባለው ቁልፍ ይህን ያስተካክላል፤ ነገር ግን ጥራቱን ይቀንሳል። ከእሱ ይልቅ ጠረጴዛውን ራሱን ከፍ ማድረግ ይሻላል። ከፕሮጀክተሩ ሥር መጽሐፍ የሚደረድሩ ከሆነ የአየር መግቢያው እንዳይደፈን ይጠንቀቁ፤ ከጋለ ራሱን ያጠፋል።

የብርሃኑን ነገር በተመለከተ፣ 3,000 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ያለው ፕሮጀክተር ለእርስዎ ክፍል ይበቃል። መስኮቱን ሁሉ መሸፈን አያስፈልግም። ለሰሌዳው ቅርብ የሆኑትን ሁለቱን ብቻ በጥቁር ጨርቅ ይጋርዱ፤ የኋላዎቹ ክፍት ሲሆኑ ልጆቹ ደብተራቸው ላይ መጻፍ ይችላሉ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ምስል አይጣልም። ነጭ አቡጀዲ ሁለት እጥፍ ተደርጎ፣ ተተኩሶ፣ ከታች እንጨት ተሰፍቶበት ሲወጠር ጥሩ ስክሪን ይወጣዋል። ጽሑፉ ከ28 ፖይንት አይነስ፣ በአንድ ገጽም ከ6 መስመር አይብለጥ።

ሁለተኛው ቀን የደረሰብዎት የአምፖሉ ጠባይ ነው። በአምፖሉ ውስጥ ያለው ሜርኩሪ ሲግል ግፊቱ በጣም ይጨምራል፤ ሳይቀዘቅዝ እንደገና አይለኮስም። ቁልፉን ደጋግሞ መጫን ደግሞ አምፖሉን ይጎዳል። መብራት እንደጠፋ ገመዱን ከሶኬቱ ይንቀሉ። መብራት ሲመለስ ኃይሉ ከፍና ዝቅ ሊል ስለሚችል 5 ደቂቃ ጠብቀው ይሰኩት፤ ይህ ጊዜ ለአምፖሉ መቀዝቀዣም ይሆናል። ትምህርት ቤቱ ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ከባትሪው ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) ቢገዛ መልካም ነው፤ ግን የሚያቆየው ጥቂት ደቂቃ መሆኑ ይታወቅ፤ አምፖል ያለው ፕሮጀክተር ከ250 እስከ 300 ዋት ይወስዳልና። ጥቅሙ በሥርዓት ለማጥፋት ጊዜ መስጠቱ ነው፦ የማጥፊያውን ቁልፍ ሁለቴ ተጭኖ፣ ማራገቢያው እስኪቆም አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቆ፣ ከዚያ ገመዱን መንቀል። ላፕቶፑን ዩፒኤሱ ላይ አይሰኩት፤ የራሱ ባትሪ አለው።

የጅማን እርጥበትም አይርሱት። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚዘንብበት ከተማ፣ ክረምቱን ሙሉ ሣጥን ውስጥ የተቆለፈ ፕሮጀክተር ሌንሱ ሊሻግት ይችላል። በሳምንት አንድ ቀን ለ30 ደቂቃ ያብሩት፤ ከጫማና ከቦርሳ ጋር የሚመጡትን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ሰብስበው መያዣው ውስጥ ይክተቱ። የአየር ማጣሪያውን አቧራ በወር አንዴ በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው፣ ትምህርቱ በክፍሉ ቴሌቪዥን ይተላለፍበት የነበረው የፕላዝማ ትምህርት ትልቁ ችግር ሥርጭቱን መምህሩ ማቆም አለመቻሉ ነበር፤ ልጁ ቢገባውም ባይገባውም ይቀጥላል። ዛሬ ማቆሚያው በእርስዎ እጅ ነው፤ የዚህ መሣሪያ ዋጋም እዚህ ላይ ነው። በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ቦልደር የሚዘጋጀው ፌት (PhET) የተባለው፣ የሳይንስ ሙከራዎችን በኮምፒውተር የሚያሳየው ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። ኢንተርኔት ባለበት ቦታ የኤሌክትሪክ ሰርኪዩቱን ሙከራ ከፍተው የማውረጃ ምልክቱን ሲጫኑ አንድ የኤችቲኤምኤል ፋይል ይወርዳል። ፋይሉን በፍላሽ ወደ ላፕቶፑ ይገልብጡት፤ ያለ ኢንተርኔት በክሮም ይከፈታል። በጃቫ የተሠሩትን የቆዩ ሙከራዎች ይተዉአቸው፤ አብዛኛው ኮምፒውተር ላይ አይከፈቱም።

ክፍል ሲገቡ መጀመሪያ ሰርኪዩቱን በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ይሳሉ፦ ባለ 9 ቮልት ባትሪና አንድ ባለ 10 ኦም አምፖል። አሚትሩ (የኤሌክትሪክ ፍሰት መለኪያው) 0.9 አምፒር ያነባል። ቀጥሎ «ሌላ ተመሳሳይ አምፖል በተከታታይ ብንጨምር ስንት ያነባል? ጎን ለጎን ብናገናኘውስ?» ብለው ይጠይቁ። ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው ለ2 ደቂቃ ይመካከሩ፣ ግምታቸውንም ደብተራቸው ላይ ይጻፉ። ሙከራውን የሚያሳዩት ከዚያ በኋላ ነው፦ በመጀመሪያው 0.45፣ በሁለተኛው በጠቅላላው 1.8። ግምቱ ሳይጻፍ ምስሉ ከታየ ልጆቹ አምፖል ሲበራ አይተው ይወጣሉ እንጂ ጥያቄው ውስጣቸው አይገባም። ይህ ሁሉ ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቢወስድ ነው። መብራት ቢጠፋ ሥዕሉ ሰሌዳው ላይ አለ፣ ግምቱ ደብተር ላይ አለ፤ በስሌት ይቀጥላሉ። በመጀመሪያው ወር በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ይበቃዎታል።

ጥያቄ፦ ቤት የተየብኩት የአማርኛ ማስታወሻ ትምህርት ቤት ስከፍተው አንዳንዴ ባዶ ሣጥን ሣጥን፣ አንዳንዴ ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደል ሆኖ ይመጣል። ምን ላድርግ?
የአማርኛ መምህር፣ ከሂርማታ

መልስ፦ መምህር፣ እነዚህ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ሣጥን ሣጥን ከሆነ ኮምፒውተሩ ላይ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት የለም ማለት ነው። አቢሲኒካ የተባለውን ነፃ ፎንት ጭነው ይገላገላሉ። በዊንዶውስ 10 ላይ ደግሞ ኒያላ ባይኖርም ኤብሪማ አብሮ ስለሚመጣ በእሱ ይጻፉ። የእንግሊዝኛ ፊደል ከሆነ ግን ጽሑፉ የተጻፈው ከዩኒኮድ (ዛሬ ኮምፒውተሮች በጋራ ከሚጠቀሙበት የፊደል አሠራር) በፊት በነበረ አሮጌ ፎንት ነው። ያ ፎንት በላቲን ፊደሎች ቦታ ላይ የአማርኛ ቅርጽ ያስቀመጠ ስለሆነ፣ እሱ በሌለበት ላቲኑ ይወጣል። አጭር ጽሑፍ ከሆነ በዩኒኮድ እንደገና መተየብ ይሻላል። በቁቤ የሚጽፉት የአፋን ኦሮሞ መምህራን ይህ ችግር የማይገጥማቸው ፊደላቸው ላቲን ስለሆነ ነው።

ለማሳየት ብቻ ከሆነ ፋይሉን ቤት ሳሉ ፒዲኤፍ አድርገው ያስቀምጡ፤ ፊደሉን ይዞ ይሄዳል። በፓወርፖይንት መቀጠል ከፈለጉ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ሴቭ ውስጥ ገብተው ፎንቱን ከፋይሉ ጋር አብሮ የሚያስቀምጠውን ምርጫ ምልክት ያድርጉበት።

ጥያቄ፦ ፍላሼ ውስጥ ያሉት ፋይሎች በሙሉ ሾርትከት ሆኑብኝ። ጠፍተዋል?
መምህርት፣ ከቦሳ

መልስ፦ አልጠፉም፤ ቫይረሱ ደብቋቸው ነው። ሾርትከቶቹን አይክፈቱ፤ ሲከፈቱ ቫይረሱ ወደ ኮምፒውተሩ ይዛመታል። ፍላሹን በዊንዶውስ ዲፌንደር ያስፈትሹ። ከዚያ ቪው ውስጥ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርገው የራስዎን ሰነዶች ብቻ ወደ ሌላ ቦታ ይገልብጡና ፍላሹን ፎርማት ያድርጉ። ሲያደርጉ ኤክስፋት የሚለውን ይምረጡ፤ ፋት32 ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ቪዲዮ አይቀበልም።

ጥያቄ፦ ማስታወሻ በቴሌግራም ለተማሪዎቼ መላክ እፈልጋለሁ፤ ስልክ ቁጥሬን ግን እንዲያውቁት አልፈልግም።
መምህርት፣ ከጅማ

መልስ፦ በሴቲንግ ውስጥ ፕራይቬሲ የሚለውን ከፍተው ፎን ነምበርን «ኖባዲ» ያድርጉት። ከሥሩ በቁጥርዎ ማን ሊያገኝዎት እንደሚችል የሚጠይቀውን ደግሞ «ማይ ኮንታክትስ» ያድርጉት፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ሁለተኛውን ነው። ግሩፕ ሳይሆን ቻናል ይክፈቱ፤ የሚለጥፉት በቻናሉ ስም ይወጣል፣ ሌሊት የሚላኩ መልእክቶችም አያስቸግርዎትም። ስልክ የሌለው ተማሪ ግን በየክፍሉ አለ። እያንዳንዱን ማስታወሻ አንድ ቅጂ አትመው ክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጥፉ፤ ቻናሉ ላይ ከመልቀቅዎ በፊት ያድርጉት፣ ስልክ የሌላቸው ኋላ እንዳይቀሩ።