አሮጌ የጀልባ ሞተር፦ የዘይት ፓምፑ ይቆይ ወይስ ይነቀል? (ጥያቄና መልስ)

ባለ ሁለት ስትሮክ ሞተር ዘይቱን ከቤንዚን ጋር ያቃጥላል። ጥንት ባለቤቱ ራሱ ጄሪካን ውስጥ ይቀላቅል ነበር። በኋላ የመጡት ሞተሮች ከተለየ ታንክ በፓምፕ እየመጠኑ ይወስዳሉ። ፓምፑ ሲያረጅ ምን ይደረግ ለምትሉ ይኸው።

ጥያቄ፦ የ1989 (እ.ኤ.አ.) ጆንሰን 70 ገዛሁ። ሰው ሁሉ «ቪአርኦውን (ዘይት መጣኙን ፓምፕ) ንቀለው፣ ሞተር ገዳይ ነው» ይለኛል።

መልስ፦ ስሙ ከጠፋ ቆይቷል። የጆንሰን ሠሪ ኦኤምሲ በ1984 ሲያወጣው የመጀመሪያዎቹ ፓምፖች ችግር ነበረባቸው፤ በኋላ ግን ተሻሽለዋል። ዛሬ እኔን የሚያሳስበኝ የደረቀ ቱቦና የላላ ማሰሪያ ነው። በዚያ በኩል አየር ከገባ ፓምፑ በዘይት ፈንታ አየር ይስባል። ዘይት ሲጠፋ የሚጮኸውን ማስጠንቀቂያ ደግሞ አንዱ «ጩኸቱ ሰለቸኝ» ብሎ ቆርጦት ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ እሱን ፈትሽ። ማስጠንቀቂያው ከሠራና ቱቦዎቹን ከቀየርክ፣ እኔ ብሆን አልነቅለውም።

ጥያቄ፦ ዘይት መሳቡን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ለሙከራው ቤንዚኑን 50 ለ 1 ቀላቅለው፤ 25 ሊትር ላይ ግማሽ ሊትር ዘይት ማለት ነው። ፓምፑ ባይሠራ እንኳ ሞተሩ አይደርቅም። ዘይት ታንኩ ላይ ፕላስተር ለጥፍና ልኩን በእስክሪብቶ አስምር። ከዚያ ውሃው ላይ ደህና አድርገህ ንዳው። ጭሱ ይበዛል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል፤ ለአንድ ቀን ችግር የለውም። ዘይቱ ከመስመሩ ካልወረደ መልሱን አገኘህ። ቀስ ብለህ ስትነዳ ትንሽ ብቻ ቢወርድ ግን አትደንግጥ፤ ቪአርኦ በዝግታ ጊዜ ዘይት ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ የእኔ ያማሃ ነው። የዘይት ታንኩን ባዶ ትቼ በእጅ መቀላቀል ብጀምርስ?

መልስ፦ ኧረ እንዳታደርገው! የያማሃው ፓምፕ በሞተሩ ክራንክ ዘንግ ነው የሚዞረው። ያለ ዘይት ከዞረ ራሱን ይበላል። መንቀል፣ ቀዳዳውን መክደን፣ ዘይት የሚገባባቸውን አፎችም አንድ በአንድ መድፈን አለብህ። አንዱ ክፍት ከቀረ አየር ይገባል፣ ፒስተን ይቃጠላል። ቪአርኦ ላይ ነገሩ ይለያል፤ ፓምፑ ቤንዚንም ስለሚገፋ ይቀራል፣ የዘይቱ ቱቦ ይደፈናል፣ የሽቦው ሶኬት ይነቀላል። የሙቀት ማስጠንቀቂያው ግን እንዳይነካ።

ጥያቄ፦ ጀልባዋን ከወንድሞቼ ጋር ነው የምንጠቀመው። ብነቅለው ይሻላል?

መልስ፦ አይሻልም። ከነቀልከው በኋላ አንዱ ሳያውቅ ንጹሕ ቤንዚን ከሞላ፣ ሞተሩ በዚያው ቀን ነክሶ ሊቆም ይችላል። ብዙ እጅ ባለበት ከሰው ይልቅ ደህናውን ፓምፕ አምናለሁ። የግድ ከተነቀለ ጄሪካኑ ላይ «የተቀላቀለ» ብለህ በትልቁ ጻፍ።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ነኝ። ያማሃ ኢንዱሮ 40 አለኝ፣ ዘይት ታንኩን ፈልጌ አጣሁት።

መልስ፦ የለውማ! ሲሠራም በእጅ እንዲቀላቀልለት ነው። መጠኑን ከማኑዋሉ እይ። ዘይቱ ቲሲ-ደብሊው 3 የሚል የጀልባ ሞተር ዘይት ይሁን፤ የሞተር ሳይክሉን ለሞተር ሳይክል ተወው።