ኮንሶ ላይ መጠይቅ ከመበተንሽ በፊት

ውድ እህታችን፣

ስድስት ኪሎ የሥነ ልቦና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነሽ፤ የተወለድሽበትን የኮንሶን ወጣቶች የባሕርይ ጥንካሬ፣ ችግር የመቋቋም አቅምና የአእምሮ ደኅንነት ለመመረቂያሽ ማጥናት ትፈልጊያለሽ። መጠይቅ ከየት እንደምታገኚና ሥራው ያስቀጥርሽ እንደሆነ ጠይቀሻል።

መጠይቅ አይቸግርሽም። አሜሪካውያኑ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ፒተርሰንና ሴሊግማን እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጡት የባሕርይ ጥንካሬ ምደባ 24 ጥንካሬዎችን በ6 ምግባሮች ሥር ይዘረዝራል፤ በእሱ ላይ የተመሠረተ መጠይቅም አለ። ለመቋቋም አቅም ካናዳዊው ማይክል ኡንጋርና ባልደረቦቹ ያዘጋጁት ባለ 28 ጥያቄ መለኪያ ይሻልሻል፤ ወጣቱን ነጥሎ አይመዝንም፣ ቤተሰቡንና ባህሉንም ይጠይቃል። ለደኅንነት የዓለም ጤና ድርጅት 5 ጥያቄዎች ይበቃሉ፦ ያለፉትን 2 ሳምንታት ይመለከታሉ፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 5 ነጥብ አለው፣ ድምሩ 25 ነው።

የሚከብደው ትርጉሙ ነው። ሁለት ሰዎች ለየብቻ ወደ ኮንስኛ ይተርጉሙት፤ ሁለቱን አስታርቂና ዋናውን ያላየ ሦስተኛ ሰው መልሶ ይተርጉመው። ከዚያ ከ8 እስከ 10 ወጣቶችን ተራ በተራ አስቀምጠሽ «ምን የተጠየቅህ መሰለህ?» በያቸው። ብዙ ተማሪ ጊዜ አጠረኝ ብሎ የሚዘለው ይህን ነው፤ ጥናቱም የሚበላሸው እዚሁ ላይ ነው። ራስን ማወደስ ነውር በሆነበት ቤት ያደገ ልጅ «ደፋር ነኝ» ለሚለው ዝቅተኛ ነጥብ ይሰጣል፤ ፈሪ ሆኖ ሳይሆን ጨዋ ሆኖ ነው። «ብቸኝነት አይሰማኝም» ሲባልም «አይ» ያለው ልጅ ይሰማኛል ማለቱ ይሁን አይሰማኝም ማለቱ አይለይም። አንቺ የምትጨምሪያቸውን ጥያቄዎች ስለዚህ በአዎንታ ጻፊ። ማንበብ ለማይችል ደግሞ የመልሱን ደረጃ በጠጠር ደርድሪለት።

ከቁጥሩ ጎን ውይይት ያስፈልግሻል። የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ እርከኑም ከ20 ትውልድ በላይ ሲሠራና ሲጠገን ኖሯል። «ጽናት አለህ?» ከማለት «ጎርፍ እርከን ሲንድ ማን ቀድሞ ይወጣል? ለምን?» ብትዪ የምታገኚው መልስ ይበልጣል። ወጣቶችን ሞራ (የመንደሩ የጋራ መሰብሰቢያ) ላይ ብቻ ብትሰበስቢ ግን የምታገኚው ወንዶችን ነው፤ ልጃገረዶቹን ለብቻ፣ ከውኃና ከገበያ ሰዓት ውጪ ፈልጊያቸው።

አንድ ነገር አደራ። ጠንካሮች ናቸው ማለት ድጋፍ አያሻቸውም ማለት አይደለም። በ5ቱ ጥያቄዎች ድምሩ ከ13 በታች የሆነ ወጣት ወደየት እንደሚላክ ከጤና ተቋም ጋር ሳትነጋገሪ መረጃ መሰብሰብ አትጀምሪ። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድም ይቅደም፤ ከ18 ዓመት በታች ለሆኑት የወላጅም የልጁም ስምምነት ያስፈልጋል።

ሥራውን በተመለከተ፣ «የባሕርይ ጥንካሬ ባለሙያ» የሚል ማስታወቂያ አትጠብቂ። የሥነ ልቦናና ማኅበራዊ ድጋፍ፣ የሕፃናት ጥበቃ፣ የክትትልና ግምገማ የሚሉትን ተከታተዪ። ቀጣሪ የሚፈልገው ቋንቋውን የሚያውቅና መረጃ አስተካክሎ የሚሰበስብ ሰው ነው፤ ስለዚህ መረጃ በስልክ መሰብሰቢያውን ኮቦ ቱልቦክስንና የስታቲስቲክስ መተንተኛውን ኤስፒኤስኤስን አሁኑኑ ልመጂ። ከማመልከቻሽ ጋር ሙሉውን ጥናት አታያይዢ፤ የትኛው ጥያቄ ለምን እንደተቀየረ የሚያሳይ 2 ገጽ አዘጋጂ። ለቃለ መጠይቅ ስትጠሪም ስለ «ደፋር ነኝ» ጥያቄ አስረጂያቸው።