ማይክሮፎኑ ሲዘጋ የሚጀምረው ሥራ

በዚህ እትም የአንባቢያን ጥያቄ ዓምዳችን፣ ለክላሲካል ሙዚቃ የሬዲዮ ፕሮግራም አዘጋጅና አቅራቢ ከተላኩት ደብዳቤዎች መካከል አምስቱን መርጠን መልሱን ከራሳቸው ተቀብለናል።

ጥያቄ፦ ፕሮግራምዎ የአንድ ሰዓት ነው፤ ሰዓት ይዤ እንደቆጠርኩት ግን እርስዎ የሚናገሩት ከስምንት ደቂቃ አይበልጥም። ሙዚቃው በሚሰማበት ጊዜ ምን ይሠራሉ?

መልስ፦ ቆጠራዎ ትክክል ነው፤ እንዲያውም ስምንት ደቂቃ የደረስኩ ዕለት አብዝቻለሁ ብዬ አዝናለሁ። ሙዚቃው ሲጫወት እኔም እንደ እናንተው አዳምጣለሁ። አቅራቢው የመጨረሻው ድምፅ የት እንደሚጠፋና ከዚያ በኋላ ምን ያህል ዝም ማለት እንደሚገባ ካልሰማ፣ ከለሆሳስ ዜማ ማግሥት እንደ ገበያ ለፋፊ ብቅ ይላል። ከዚህ ጎን ለጎን ደግሞ ሒሳብ አለ። ፕሮግራሙ በሰከንዱ ማለቅ ስላለበት፣ ጊዜውን የምቆጥረው ከመጨረሻው ወደ ኋላ ነው። ለዚህም በመጽሐፍ የተጻፈ የሙዚቃ ርዝመት አይጠቅመኝም። ፒያኒስቱ ግሌን ጉልድ የባኽን ጎልድበርግ ቫሪየሽኖች በ1955 እ.ኤ.አ. ሲቀርጽ 38 ደቂቃ ገደማ ፈጅቶበት ነበር፤ በ1981 እንደገና ሲቀርጸው ግን 51 ደቂቃ ገደማ ሆነ፤ ልዩነቱ በፍጥነቱም፣ በሁለተኛው ቅጂ አንዳንድ ክፍሎችን በመድገሙም የመጣ ነው። ሰውየው ያው፣ ሙዚቃውም ያው ሆኖ ዐሥራ ሦስት ደቂቃ ከተለያየ፣ እያንዳንዱን ቅጂ ራሴ ለክቼ ከመያዝ ሌላ ምርጫ የለኝም።

ጥያቄ፦ መኪና እየነዳሁ ሳዳምጥዎ ሙዚቃው አንዴ ጨርሶ ይጠፋል፤ ድምፁን ከፍ ባደረግሁ ጊዜ ደግሞ በድንገት ያስደነብረኛል። ጣቢያው ይህን ማስተካከል አይችልም?

መልስ፦ ከሁሉም በላይ የሚደርሰኝ ቅሬታ ይህ ነው። የዘመኑ ዘፈን በአብዛኛው ገና ሲቀናበር ዝቅተኛውና ከፍተኛው ድምፁ ተቀራርቦ የሚወጣ ሲሆን፣ ኦርኬስትራ ግን ከአንድ ቫዮሊን ሹክሹክታ ተነሥቶ ነሐሱ (መለከቱና መሰሎቹ) እና ከበሮው በአንድነት እስከሚያስተጋቡበት ድረስ ይጓዛል። የሞተሩና የመንገዱ ጫጫታ ሹክሹክታውን ሲውጠው እርስዎ ድምፁን ይጨምራሉ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ነሐሱ ነው።

መፍትሔ አለ። ኮምፕሬሰር የሚባለው መሣሪያ ዝቅ ያለውን ከፍ፣ ከፍ ያለውን ዝቅ እያደረገ ልዩነቱን ያጠብበዋል። ነገር ግን ለሾፌሩ የሚሰጠውን ከቤቱ ተቀማጭ አድማጭ ነጥቆ ነው የሚሰጠው። ሃይደን በ1791 እ.ኤ.አ. በጻፈው 94ኛ ሲምፎኒው ሁለተኛ ክፍል፣ ቀላሏ ዜማ በለስላሳው ተጫውታ ስትደገም ይብስ ትለሰልስና፣ አድማጩ ጆሮውን ባቀና ቅጽበት ኦርኬስትራው በሙሉ ከነከበሮው አንዴ ይመታል። መሣሪያው ሁለቱን ካስተካከላቸው የሃይደን ቀልድ እዚያው ሞተ ማለት ነው። ስለዚህ ከቴክኒሻኖቻችን ጋር ስነጋገር የምሟገተው መሣሪያው በትንሹ ብቻ እንዲነካው ነው፤ በምትኩ ዝቅ የሚል ክፍል ሲመጣ አስቀድሜ በቃል አሳስባለሁ። እንደማይበቃዎ አውቃለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ዝምታን ካነሣን አይቀር፣ ሬዲዮ ጣቢያዎች ድምፅ ሲቋረጥ በራሱ ሌላ ነገር የሚያጫውት የአደጋ ጊዜ ሥርዓት አላቸው። ጆን ኬጅ በ1952 እ.ኤ.አ. ያቀረበውና ተጫዋቹ አንድም ድምፅ የማያሰማበት የ4 ደቂቃ ከ33 ሰከንድ ሥራ በ2004 በቢቢሲ ሬዲዮ 3 በቀጥታ ሲተላለፍ፣ ጣቢያው ይህንኑ ሥርዓት ለጊዜው ማጥፋት ነበረበት።

ጥያቄ፦ የባዕድ ስሞችን ከየት ነው የሚያጠኑት? ከሥራው ስም ቀጥሎ የሚደረድሯቸው ቁጥሮችስ ለማን ይጠቅማሉ?

መልስ፦ ጽሑፌን በፊደላችን መጻፌ ረድቶኛል። በላቲን ፊደል የጻፈ ሰው አንድን ስም እንዴት እንደሚነበብ ሳያውቅ ገልብጦ ሊያልፍ ይችላል፤ በእኛ ፊደል ግን ድምፁን ሳልወስን አንዲት ሆሄ መጻፍ አልችልም። «ቾፒን» ወይስ «ሾፓን»? «ዋግነር» ወይስ «ቫግነር»? ወረቀቱ ላይ ስደርስ መልሱ በእጄ መሆን አለበት። የቼኩ ድቮርዣክ ስም ብዙዎችን ሲያስጨንቅ፣ እኛ «ዥ» ስላለን ቢያንስ ግማሽ መንገዱን በቀላሉ እንሄዳለን።

ቁጥሮቹን በተመለከተ የራሴን ስሕተት ልናዘዝ። ሞዛርት በጂ ማይነር ቅኝት የጻፋቸው ሲምፎኒዎች ሁለት ናቸው፤ 25ኛውና 40ኛው። በአንድ ምሽት 40ኛውን አስተዋውቄ 25ኛውን አጫወትኩ፤ ከፊቴ ባለው ወረቀት ላይ «የሞዛርት ሲምፎኒ፣ ጂ ማይነር» ብቻ ነበርና የተጻፈው። አንድ አድማጭ ሙዚቃው ሳያልቅ ደውሎ አረመኝ። ኮኽል በ1862 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሞዛርት ሥራዎች ዝርዝር የመጀመሪያው 183፣ ሁለተኛው 550 ቁጥር አላቸው፤ ከዚያ ምሽት ወዲህ ቁጥሩን ሳልጠራ አላልፍም።

ጥያቄ፦ ከአንድ ሲምፎኒ አንዱን ክፍል ብቻ ቆርጦ ማሰማት ደራሲውን መናቅ አይደለም?

መልስ፦ ደራሲዎቹ ራሳቸው እንደኛ የሚጨነቁ አይመስለኝም። የቤትሆቨን 7ኛ ሲምፎኒ በ1813 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ፣ ታዳሚው ሁለተኛውን ክፍል ወድዶ እዚያው አስደግሞታል። በደቂቃ 78 ጊዜ በሚዞሩት ሸክላዎች ዘመንም አንዱ ገጽ የሚይዘው ከአራት እስከ አምስት ደቂቃ ያህል ስለነበር፣ አድማጩ በየመሀሉ ተነሥቶ ሸክላውን ይገለብጥ ነበር። እኔ የማልስማማው ያንኑ ክፍል ራሱን መሀሉ ላይ ድምፁን እያጠፉ መቁረጥን ነው፤ ይህን ከማድረግ አጭር ሥራ መምረጥ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ከሥራ ውጪ ምን ያስደስትዎታል? ቤትዎ ሲገቡስ ምን ያዳምጣሉ?

መልስ፦ የመጀመሪያውን ሰዓት ምንም። ከዚያ በኋላ ፒያኖ እነካካለሁ፤ «እጫወታለሁ» ለማለት አልደፍርም። ዘወትር የምመለስባት ባኽ በ1722 እ.ኤ.አ. ካጠናቀረው ስብስብ የመጀመሪያዋ፣ በሲ ሜጀር ቅኝት የተጻፈችው ፕሬሉድ (አጭር የመግቢያ ሙዚቃ) ናት። ባኽ የጻፋት በ35 «ባር» ነው፤ ባር ማለት በኖታ ላይ በቋሚ መስመር የሚለይ የምት ክፍል ነው፤ ብዙዎቹ የድሮ እትሞች ግን ከ22ኛው በኋላ እርሱ ያልጻፈውን አንድ ባር ጨምረውባታል። እኔ የተማርኩበት አሮጌ መጽሐፍም ከእነዚያ አንዱ ነበር። ነገሩን ካወቅሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ጣቶቼ ግን እስከ ዛሬ 36 ይጫወታሉ።