አስቢበት የተባለው ስድስት ወር

የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣

ደቡብ ለንደን ውስጥ ስድስት አፓርታማዎች ባሉት አሮጌ ሕንፃ መኖር ከጀመርኩ 16 ዓመት ሆነኝ። ቤቱን ገዛሁት ቢባልም መሬቱና ሕንፃው የሌላ ሰው በመሆናቸው በየዓመቱ 200 ፓውንድ የመሬት ኪራይ እከፍላለሁ፤ ጣሪያው ሲያፈስ ለወራት ደጅ የምጠናውም እኔ ነኝ። ስለዚህ ተባብረን ፍሪሆልዱን፣ ማለትም የመሬቱንና የሕንፃውን ባለቤትነት፣ እንግዛ ብዬ ጎረቤቶቼን ማሰባሰብ ጀመርኩ። ከስድስታችን ሦስታችን ከተስማማን ሕጉ ይፈቅድልናል። ሦስተኛው ሰው ከታች የሚኖሩት የአገሬ ሰው፣ ጋሼ እያልኩ የማከብራቸው ነበሩ። ቤቴ ቡና እየጠጡ «እኔ አለሁልሽ» ካሉኝ በኋላ ወረቀቱ ሲመጣ «ልጄ፣ እኔ አልገባበትም» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ደረጃው ላይ ስንገናኝ ሰላምታችን እንኳ ከአንገት በላይ ሆኗል። የአገር ልጅ በቃሉ ካልተገኘ ማን ይገኛል? እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ነው።

በዚህ መካከል የመሬቱ ባለቤት ወኪል ሊዙን፣ ማለትም ቤቱን የያዝኩበትን የረጅም ዘመን ውል፣ በ9,000 ፓውንድ ለ45 ዓመት እንደሚያራዝምልኝ፣ የመሬት ኪራዩም በየአሥር ዓመቱ እጥፍ እንደሚሆን ጽፎልኛል። ከሊዙ የቀረው 80 ዓመት ከአራት ወር ነው። ወኪሉ ጨዋ ሰው ነው፤ አላጣደፈኝም፣ እስከ ስድስት ወር አስቢበት ብሎኛል። ልፈርም ወይስ ጋሼን በሽማግሌ ላስለምን?

ቃል የታጠፈባት፣ ከለንደን

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤዎን በጋሼ ጉዳይ ሞልተው ቤትዎን የሚመለከተውን ነገር በጨረፍታ አልፈውታል። ስድስት ወር አስቢበት ማለት ጨዋነት ይሁን ስሌት እኔ አልፈርድም፤ ስድስቱ ወር ሲያልቅ ግን ሊዝዎ ከ80 ዓመት በታች ወርዷል። በእንግሊዝና በዌልስ ከ80 ዓመት በላይ የቀረው ሰው የማይከፍለው፣ ከዚያ በታች የወረደው ግን የሚከፍለው «ማሬጅ ቫልዩ» የሚባል ነገር አለ፤ ሊዙ በመራዘሙ ከሚገኘው ተጨማሪ ዋጋ ግማሹ ለመሬቱ ባለቤት ይሰጣል ማለት ነው። የጣሪያው ፍሳሽ ከዚህ ጋር ሲተያይ ጠብታ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የሊዝ ሕግ ያለ ማንም ጎረቤት ፊርማ፣ ብቻዎን፣ በቀረው ዘመን ላይ 90 ዓመት የማስጨመርና የመሬት ኪራዩን በተግባር ዜሮ የማድረግ መብት ይሰጥዎታል። ወኪሉ ያቀረበልዎ የዚህን ግማሽ ነው፤ ያውም ዛሬ 200 የሆነውን ኪራይ በ50 ዓመት ውስጥ 6,400 ፓውንድ ከሚያደርስ ውል ጋር። አይፈርሙ።

ወኪሉ የሚጠቁምዎን ሳይሆን በሊዝ ማራዘም ሥራ የተካነ የራስዎን ጠበቃ፣ ከእርሱም ጋር የንብረት ገማች በዚህ ሳምንት ይያዙ። ጠበቃው በዚሁ ሕግ አንቀጽ 42 መሠረት ሊዙ እንዲራዘም የሚጠይቅ ማስታወቂያ ለባለቤቱ ይሰጣል፤ ዋጋው የሚሰላው ማስታወቂያው በተሰጠበት ቀን ባለው ሁኔታ ስለሆነ፣ ድርድሩ ቢንዛዛ እንኳ የ80 ዓመቱ ገደብ አያሳስብዎትም። ባለቤቱ መልስ እንዲሰጥ ቢያንስ ሁለት ወር ይሰጠዋል፤ በዋጋው ካልተስማማችሁ መልሱ በተሰጠ በስድስት ወር ውስጥ ጉዳዩ እንዲህ ያለውን ክርክር ለሚዳኘው ሸንጎ (ትሪቡናል) መቅረብ አለበት፤ ይህ ቀን ካመለጠ ማስታወቂያው እንደተተወ ይቆጠራል፣ ለ12 ወርም ሌላ መስጠት አይቻልም። የባለቤቱን ተገቢ የጠበቃና የግምት ወጪ የሚሸፍኑትም እርስዎ ነዎት፤ ያናድዳል፣ ሕጉ ግን እንዲህ ነው።

ማሬጅ ቫልዩን የሚሽርና ማራዘሚያውን 990 ዓመት የሚያደርስ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2024 ስለጸደቀ ጠብቂ የሚልዎ አይጠፋም። እነዚህ ድንጋጌዎች ይህን በምጽፍበት ጊዜ ሥራ ላይ አልዋሉም፤ አራት ወር የቀረው ሰው ቀን ያልተቆረጠለትን ሕግ ይጠብቅ ብዬ አልመክርም።

ጋሼን በተመለከተ፣ ሽማግሌ አይላኩባቸው። ፍሪሆልድ መግዛት ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ እንደ ልጃቸው ለሚያዩዋት ሴት «የለኝም» ማለት ደግሞ ለአንድ አዛውንት ቀላል አይደለም። እርስዎ ግን ምክንያታቸውን እንደጠየቋቸው አልጻፉልኝም። የእርሳቸውም ሊዝ ከእርስዎ ጋር በአንድ ዓመት የጀመረ ሊሆን ይችላልና፣ ቡናውን አፍልተው ስንት ዓመት እንደቀረው ይጠይቋቸው።