ስለ ልጆች የአንጎል ኢንፌክሽንና ቀዶ ሕክምና ጠይቁኝ

በልጆች የአንጎል ቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ነኝ። የጠየቃችሁኝን እነሆ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የ7 ዓመት ልጄን ጆሮው መግል ሲፈሰው ከረመ። አሁን ራሱን እያመመው ያስመልሰዋል። ሲቲ ስካን ሲነሳ አንጎሉ ውስጥ መግል ተገኘ። በመድኃኒት ብቻ አይድንም?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። የተቋጠረው መግል ከ2.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ አንዳንዴ በመድኃኒት ብቻ ይሞከራል። ከተለቀ ግን መድኃኒቱ መሃሉ ድረስ በደንብ አይገባም። ስለዚህ ሐኪሙ የራስ ቅሉን በትንሹ ይበሳና መግሉን በመርፌ ይመጠዋል። መግሉ ተመርምሮ ጀርሙ ሲለይ መድኃኒቱ ይስተካከላል። ከዚያ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በደም ሥር ይሰጠዋል። ቤተሰብ የሚሰለቸው እዚህ ላይ ነው። ልጁ ቀና ብሎ መጫወት ሲጀምር “ድኗል፣ እንውጣ” ይላሉ። እባክሽ እንዳታቋርጪ! መግሉ ተመልሶ ይቋጥራል። ጆሮውም አብሮ ይታከም፤ ምንጩ እሱ ነውና።

ጥያቄ፦ ለዚሁ ልጄ ለምርመራ የጀርባ ውሃ ለምን አልወሰዱለትም?

መልስ፦ ጭንቅላት ውስጥ ግፊት እያለ ከታች ውሃ ከተቀዳ አንጎል ወደ ታች ተንሸራቶ ትንፋሽን የሚቆጣጠረውን ክፍል ሊጫን ይችላል። ተጠንቅቀውለት ነው።

ጥያቄ፦ የእህቴ ልጅ አንጎሏ አብጦ የራስ ቅሏን አጥንት አነሱት። መልሰው ግን አልገጠሙትም። በጣም ደነገጥን።

መልስ፦ ማንም ይደነግጣል። ከሕፃንነት ያለፈ ልጅ የራስ ቅል አይለጠጥም። አንጎል ሲያብጥ መሄጃ ያጣል፣ ደምም በቅጡ አይደርሰውም። መድኃኒት ግፊቱን ካላወረደው አጥንቱ ተነስቶ ለአንጎሏ ቦታ ይሰጠዋል። እብጠቱ ሲወርድ አጥንቱ ይመለሳል፤ ኢንፌክሽን ከነካው ደግሞ ሰው ሠራሽ ይተካለታል። እስከዚያ በዚያ ጎን አታስተኟት። ከመውደቅም ጠብቋት።

ጥያቄ፦ የ5 ወር ልጄ ማጅራት ገትር ይዞት ከዳነ ወዲህ ጭንቅላቱ እየተለቀ ነው። ቱቦ የግድ ነው?

መልስ፦ ሁልጊዜ አይደለም ወንድሜ። ቱቦው አንጎል ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ ወደ ሆድ ያወርደዋል፤ ግን ሊደፈን ይችላል። የልጆች አንጎል ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ቤንጃሚን ዋርፍ ኡጋንዳ፣ ምባሌ ከተማ ሆነው ያዳበሩት ሌላ መንገድ አለ። በካሜራ ተገብቶ ለውሃው አዲስ መውጫ ይከፈትለታል፤ ውሃውን የሚያመነጨው ክፍልም ይተኮሳል። ለየትኛው ልጅ እንደሚሆን ሐኪሙ በምርመራ ይለያል። እርግብግቢቱ ከተነፋ ወይም ዓይኑ ወደ ታች ካዘቀዘቀ ግን ቀጠሮ አትጠብቅ፤ ዛሬውኑ ይዘኸው ሂድ።